አባቴን የመታው ምች አልነበረም

የመጀመሪያው ምልክት ጫማ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት አባቴ የግራውን ጫማ ቀኝ እግሩ ላይ ሊያጠልቅ ሲታገል አየሁት። ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። «ራሴን ያመኛል» ብሎ ወደ ሥራው ወጣ።

አባቴ ግንበኛ ነው። ያኔ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ አንድ ሥራ ተቋራጭ ሕንፃ ያሠራ ነበርና እዚያ ነበር የሚውለው።

በሳምንቱ መጨረሻ ያስታውከው ጀመር። እንቅልፍ አበዛ። እናቴ «ምች ነው» አለች። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበችም «ፀሐይ ላይ ምሳውን እየበላ፣ እሱን ምች ያልመታ ማንን ሊመታ ነው!» ብለው አጸደቁ። ዳማከሴ ጨምቀን ራሱን ስቀባው ጣቴ ከጆሮው በላይ የደረቀ ቁስል ነካ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«በሩ ነው የመታኝ። ተይው።»

በራችንን አውቀዋለሁ። አባቴ አጭር ነው፤ ጉበኑ ጋ ቢዘልም አይደርስ! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አላመንኩትም።

ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አዩ።

«አቶ ታደሰ፣ ጭንቅላትዎን የመታዎት ነገር አለ?»

«የለም።»

ራጅ ተነሣ። ራጁ ደህና ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን እኔንና እናቴን ኮሪደር ላይ አቆሙን። «ራጅ አጥንት ያሳያል እንጂ ደም አያሳይም። ተመትቶ ከሆነ ሰብዱራል ሄማቶማ ነው የምጠረጥረው፤ ከራስ ቅሉ ሥር ደም ቀስ እያለ ተጠራቅሞ አንጎሉን ይጫነዋል። ካልተመታ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው ሌላ ነው። እውነቱን ቶሎ አምጡልኝ።»

ወደ ሥራ ቦታው ሮጥኩ። በሩ ላይ «ያለ አደጋ የተሠራበት ቀን» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ በአባቴ እጅ የተጻፈ ነው። የአደጋ መከላከል ኮሚቴው ተጠሪ እሱ ነበርና በየጠዋቱ አንድ ይጨምርበታል። በሥራ ቦታዎች መካከል ውድድር አለ፤ ቁጥሩ የበለጠው የአርአያነት አርማ ይሸለማል። ቢጫዎቹ የራስ ቆቦች በመጋዘኑ መስኮት ይታዩኛል፤ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል። ሠራተኛው ሁሉ ባዶ ራሱን ነው።

ካቦውን ጠየቅኳቸው።

«እዚህ ማንም አልተመታም። አደጋ ደረሰ ብሎ የሚያወራ አሻጥረኛ ነው። አባትሽ የጻፈውን አታነቢም?»

ስመለስ ብረት የሚያስሩት ጋሽ ከድር በሩ ላይ ደረሱብኝ። «ልጄ፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ከላይ ጣውላ ወደቀበት። ቆቡ ለጎብኚ ነው እየተባለ ይቆለፍበታል። ‹ሰሌዳችን እንዳይበላሽ ለማንም አትንገሩ› ያለን ግን ራሱ ታደሰ ነው።»

«ለሐኪሙ ይነግሩልኛል?»

ዞር ብለው አዩ። ካቦው ቆመው ያዩናል።

«ይየን! ነይ እንሂድ።»

የዚያኑ ዕለት ቀዶ ሕክምና ገባ። ጸጉሩን ላጩት። አጥንቱን በሱት። እናቴ ልደታን ትጠራለች። እኔ በሩን አየሁ። በሩን ብቻ።

ሐኪሙ ወጡ። «ደሙ ወጥቷል» አሉ።

በሦስተኛው ቀን አባቴ በስሜ ጠራኝ፤ በሳምንቱ ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ ከዚያ በኋላማ ከአልጋው እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ እየደገፍኩት እርምጃውን ስናረዝም፣ የሆስፒታሉ ግንብ ጠማማ ነው እያለ ነርሶቹን ያስቃቸው ጀመር።

ካቦውም ብርቱካን ይዘው መጡ። ምን ፈልገው ነው? አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ አልተነሣሁም።

«ታዴ፣ በር ነው ያልከውን እንዳትለውጥ። ውድድሩ ሳምንት ነው የቀረው።»

አባቴ ሳቀ። «በሩማ ይታዘበኛል። ጣውላ ነው የመታኝ። ሰሌዳውን አጥፉትና ቆቡን አድሉ።»

ሐኪሙንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። ጋሽ ከድርን ግን እንዴት አድርጌ? ያን ቀን ካቦው እያዩአቸው፣ እንጀራቸውን ለአደጋ አጋልጠው ነው አብረውኝ የወጡት።

ግንባታ የሚውል አባት ወይም ወንድም ያላችሁ፣ ስሙኝ። ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ጸጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ምቱ ሳምንታት ቢያልፉትም ለሐኪም ተናገሩ። እሱ ዝም ካለ የሥራ ጓደኛውን ጠይቁ። እኔ አባቴን እንደ ነፍሴ ነው የምወደው፤ «ደህና ነኝ» ሲለኝ ግን ዛሬም አላምነውም።