ቆማ የምትሳለም መኪና

ባለፈው ሳምንት የትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ሰብስቦ ስለ ተማሪዎች አውቶብስ ደንብ ነገረን። ወጣቷ መምህርት «አውቶብሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ማንም ልጅ ከመቀመጫው አይነሳም» ስትል ሳቅ አመለጠኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ምነው እትዬ፣ ያጠፋሁት አለ?» አለችኝ።

ይህ ደንብ የአባቴን ጥምጥም ያስወለቀ ነው ብላት ማን ያምነኛል?

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከነአኩቶ ለአብ ቤተክርስቲያን ወዲያ ማዶ፣ ትምህርት ቤታችን ላሊበላ ከተማ ነው። በእግር ለመድረስ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ያስፈልጋል፤ ጅብም አለ። ቄስ አባቴ ሴት ልጁን በዚያ መንገድ ብቻዋን እንደማይልክ አገር ያውቃል። ለትምህርት ያበቃኝ ወላጆች ተማክረው ያስመጡት አንድ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶብስ ነበር። የሚነዳው ጋሽ ሰይድ የሚባል የደሴ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ልጅ ወዳድ። ስንወርድ ከመኪናው ፊት ለፊት እንዳናቋርጥ፣ እሱ እስኪርቅ ዳር ይዘን እንድንቆም በየቀኑ ይጮህብናል። በሩን ከመክፈቱ በፊት «ሲሮጡ የታጠቁት...» ብሎ ሲጀምር፣ እኛ «ሲሮጡ ይፈታል!» ብለን እንጨርስለት ነበር።

ነአኩቶ ለአብ ጋ ስንደርስ ግን ምክሩ ሁሉ ይረሳል። መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ መኪና ሙሉ ልጅ አንድ ላይ ብድግ ይላል። በቤተክርስቲያን ደጅ ተቀምጦ የሚያልፍ ማን አለ? እያማተብን አንዳችን ባንዳችን ላይ እንወድቃለን፤ ለእኛ ጨዋታ ነበር። መስከረም ላይ፣ ገብሱ ማሸት በጀመረበት ሰሞን፣ ጓደኛዬ ዝናሽ እንደዚያው ስትወድቅ የወንበሩ ብረት ግንባሯን ፈነከታት። ጋሽ ሰይድ ደሟን ሲያይ መኪናውን አቁሞ መጣ። በገዛ ፎጣው አሰረላትና ወደ እኛ ዞረ።

«ከዛሬ ጀምሮ መኪናዬ እየሄደ የሚነሳ ልጅ እንዳላይ!» አለ።

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። ቤት ስደርስ «ሹፌሩ መሳለም ከለከለ» ተብሎ ቀድሞኝ ደርሷል። ሰውየው ሙስሊም መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። አባቴ «ከነገ ጀምሮ ይቅርብሽ» አለኝ፣ በቃ። የሚቀርብኝ መኪናው ብቻ አልነበረም። ትምህርቷን ያቆመች ልጅ ቤት ሽማግሌ ሳይውል ሳያድር ይመጣል፤ ታላቅ እህቴ እንደዚያ ነው የተዳረችው። እኔ ደግሞ መማር እወድ ነበር፤ ከምንም በላይ እወድ ነበር።

ጠዋት አባቴ ለሹፌሩ ሊነግረው ወደ መንገዱ ሲወርድ፣ ለማንኛውም ብዬ ቦርሳዬን ይዤ ተከተልኩት።

«ልጆቻችንን አትሳለሙ የምትል አንተ ማን ነህ?» አለው።

ጋሽ ሰይድ ወርዶ ከወገቡ ጎንበስ አለ። «አትሳለሙ አላልኩም አባ። መኪናው እየሄደ አትቁሙ ነው ያልኩት።»

«ተቀምጦ መሳለም ደግሞ የት አገር ነው?»

«እንግዲያው እስከ ነአኩቶ ለአብ አብረን እንሂድ። ከዚያ በኋላ እርስዎ ያሉት ይሁን።»

አባቴ መቋሚያውን ይዞ ገባ፤ እኔም ሳልጠራ ከኋላው ገባሁ። መኪናው እንደ በቅሎ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አባቴ በግርማ ተነሳ፣ አማተበ፣ ወዲያውም ሄዶ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ላይ ተቀመጠ። ጥምጥሙ እየተተረተረ ወንበር ስር ገባ። ልጆች ሁሉ በደብተር አፋቸውን ሸፈኑ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ አለቀልኝ ብያለሁ።

ጋሽ ሰይድ መኪናውን አቁሞ እየሮጠ መጣ። አባቴን ደግፎ አስነሳው፤ ጥምጥሙን ከወንበር ስር አውጥቶ አቧራውን አራገፈና በሁለት እጁ ሰጠው። «አብሽሩ አባ፣ ተረፉ» አለው። አባቴ መጠምጠም ጀመረ። ያን ያህል ረጅም ጥምጥም ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ሰይድ፣ ይህች መኪናህ መቆም ትችላለች አይደል?»

«ትችላለች አባ።»

«እንግዲያው እሷም ቆማ ትሳለማ!»

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው፤ የአባቴም ጭምር። እኔ ሳቄና እንባዬ ተቀላቅሎብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጋሽ ሰይድ ከመታጠፊያው በፊት ያለው ሜዳ ላይ ሞተሩን ያጠፋና «በሉ ተነሱ፤ እኔንም አትርሱኝ» ይለናል። እኛ ስንሳለም እሱ ያመጣንለትን የባቄላ እሸት እየፈለፈለ ይጠብቀናል። የመጨረሻዋ ልጅ ሳትቀመጥ አያስነሳም።

አሁን አባቴም ጋሽ ሰይድም በሕይወት የሉም። እኔ ያኔ ባልቀረሁበት ትምህርት ነርስ ሆኛለሁ። ከስብሰባው ማግስት እናቴን ልጠይቅ በባጃጅ ስሄድ፣ ሜዳው ጋ ስንደርስ ሹፌሩን ልጅ አስቆምኩት።

«እትዬ፣ እየሄድንም እኮ መሳለም ይቻላል» አለኝ።

«አጥፋው» አልኩት። ወርጄ ተሳለምኩና አባቴንና ጋሽ ሰይድን በአንድ ትንፋሽ ጠራኋቸው። ተመልሼ በደንብ ከተቀመጥኩ በኋላ «አሁን ሂድ» አልኩት።