ለቀጠሮ ብቻ የሚዋጥ ኪኒን

ጋሽ ጸሐዬ የሞተ የውሃ ጎማ በጆሮው ይለያል። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውሃ መስመር ሲጠግን ኖሯል። ጎማውን ያነሳል፣ እጥፍ ያደርገዋል፣ ያዳምጣል። ዝም ብሎ ከታጠፈ ቦታው ይመልሰዋል። ከተንጣጣ «ይኼ አልቆለታል፣ ቅበሩት» ይላል። የጎማው ባለቤት «አምና የገዛሁት እኮ ነው!» ብሎ ቢጮህ፣ «የጎማ ዕድሜ የሚቆጠረው በቻለው ፀሐይ ነው» ብሎ ዕቃውን ይሸክፋል።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሲመጣም እንደተናደደ ሰው በሩን ገንጥሎ ነው የሚገባው። ለስላሳ ጎማ ትንሽ ያብጥና ንዴቱን ውጦ ያስቀረዋል። የደረቀው ግን እንዳለ ያሳልፈውና ጫፍ ላይ ያለችውን ምስኪን ቧንቧ ያስነቅላታል። ይህን የማወራው ለጎማ ተቆርቁሬ አይደለም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋሽ ጸሐዬ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ደም ግፊት አለብዎት» ተባለ። የቀጠሮ ደብተር ተሰጠው፤ በየወሩም ሠላሳ ፍሬ ኪኒን፣ በቀን አንድ። ኪኒኑን ይዞ ግቢ ሲገባ ጎረቤቱ እትዬ አገርነሽ ልብስ ያሰጡ ነበር።

«በየቀኑ?» አሉት። «አብደሃል? ሰውነትህ ከለመደው በችግርህ ቀን አይሰማህም! እኔ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ኃይሉን ለቀጠሮህ ቆጥበው።»

እሱም ቆጠበው። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ይጀምርና ሰባቱን ፍሬ ይውጣል፣ ይለካል፣ ያቆማል። ነርሷ በደስታ ልትዘፍን ምንም አይቀራት። «አቶ ጸሐዬ፣ የእርስዎ ግፊት እኮ የጎረምሳ ነው!» እያለች የሌሎቹን ታማሚዎች ስም በእሱ ታጠፋ ነበር። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር የሚያኮራ ቁጥር ሆነ።

የተረፈው ሃያ ሦስት ፍሬስ? የሰፈሩ ነበር። ራሱን ያመመው፣ ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ ያደረች፣ ልቡ የመታበት ሁሉ «ጋሽ ጸሐዬ፣ አንዲት ፍሬ!» እያለ በሩን ያንኳኳል። እሱም አይሰስትም። እኔ ራሴ የሠርግ ማግስት ለራስ ምታት ብዬ አንዷን ውጬ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የካ ተራራ በፊቴ ሲዞር አይቻለሁ። ሰፈሩ ለዓመታት ሳቀብኝ።

መሳቁ አምና ቆመ። ሀሴት ታመመች።

ሀሴት የጋሽ ጸሐዬ አንድያ ልጁ ናት፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ሁለቱ ብቻቸውን ነው የኖሩት። ሲ.ኤም.ሲ አንድ ቢሮ ትሠራ ነበር። እግሯ ማበጥ ጀመረ፣ ጫማው ነው ተባለ፤ ፊቷ አበጠ፣ እንቅልፍ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸው ታወቀ። ማክሰኞና ቅዳሜ ደሟን ማሽን ያጥብላታል። ስትመለስ ዳገቱን ሦስት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትወጣው።

ጋሽ ጸሐዬ የራሱን ኩላሊት ሊሰጣት ተመረመረ፤ ደሙ ከደሟ ገጠመ። ግፊት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ እንደማይሰጥ ነገሩት። ነገር ግን ዕድሜው ከሃምሳ ካለፈ፣ ግፊቱም በአንድ ዓይነት ኪኒን ለዓመታት ከተያዘና ሌላ ጉዳት ከሌለው ይታይልሃል አሉት። ያን ቀን ደብተሩን እንደ ቤት ካርታ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ያዘው። እኔም እስከ ሆስፒታሉ አጅቤው ሄድኩ። የዶክተሯ ክፍል በር በደንብ አይዘጋም ነበር፤ ደግሞም እንዲዘጋ አልፈለግኩም።

ዶክተር ርሆቦት በዕድሜ የሀሴት ታላቅ እህት ብትሆን ነው። ዕድሜውን፣ የወገቡን ስፋት፣ የስኳሩን ውጤትና የዘጠኝ ዓመቱን ግፊት ኮምፒውተር ላይ ጻፈች።

«ይኼ ስሌት ነው አቶ ጸሐዬ። የልብዎ ምት በደም ሥርዎ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይገምታል። ሥሩ ለስላሳ ከሆነ ምቱ ቀስ ይላል፤ ከጠነከረ ይፈጥናል። ለእርስዎ በሰከንድ ስምንት ሜትር ብሎ ገምቷል። ለሃምሳ አራት ዓመት ሰው ጥሩ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ስምንቱን ከኪሷ አውጥታ የሰጠችው ይመስል።

«ግምት ነው። አሁን እንለካዋለን።»

አስተኛችው። አንዱን መለኪያ አንገቱ ላይ፣ ሌላውን ታፋው ሥር አደረገች።

«መስመሩ እዚያ ድረስ ይወርዳል?» ብሎ ቀለደ።

ማሽኑ ዐሥራ አራት አለ። እንደገና ለካች። ዐሥራ አራት። ሦስተኛ ለካች፤ ያው ነው።

«አቶ ጸሐዬ» አለች፣ «ከሰው ሰው ይለያያል፤ ይህን ያህል ግን አይለያይም። ይኼ ደብተር ያለው ሰው ይኼ ሥር ሊኖረው አይገባም። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ኪኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«ሳምንት ሲቀረው።»

«ምን ሳምንት ሲቀረው?»

«ቀጠሮው ነዋ!»

ከበሩ ውጪ ሆኜ አልሳቅኩም።

«ቀሪውን ሦስት ሳምንት ግፊቱ የት ይሄድ መሰለዎት? በየቀኑ ሥሩን እየመታ አድርቆታል። የደረቀ ሥር ደግሞ ምቱን ሳያበርድ ነው የሚያሳልፈው…»

«ጫፍ ላይ ያለችውን ይነቅላታል» አለ፣ ሳትጨርስ።

«ጫፍ ላይ ያለችው ኩላሊት ናት። ሽንትዎ ላይ ፕሮቲን አግኝተናል፤ መጎዳት ጀምራለች። አንዷን ብንወስድ ሁለት በሽተኛ ነው የሚኖረን።»

«ከዛሬ ጀምሬ በየቀኑ ብውጥስ? ስንት ቀን ነው የሚለሰልሰው?»

«በቀን አይደለም። ዓመታት ይፈጃል፤ ያውም ጥቂት ቢሻሻል ነው።»

ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆነ። እንዲህ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

«ልጄ… ስምንት ብለሽ ጻፊው።»

«አባቴ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስምንት ስንጽፍ ነው እዚህ የደረስነው።»

በታክሲ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ ሰፈር ደብተሩን በፕላስቲኩ እንደጠቀለለ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። ለሀሴት «ገና ነው፣ ውጤት አልደረሰም» አላት። በማግስቱ በየቤቱ እየዞረ ኪኒን መሰብሰብ ጀመረ። የሰጠውን! እኔ ጋ ሲመጣ ሁለት ፍሬ ነበረኝ፤ ሰጠሁት። አንዱ ጎረቤት ለውሻው እንደሰጠው ነገረው።

እትዬ አገርነሽ የክብሪት ሳጥን ይዘው ወጡ። «ዘጠኝ አሉ፣ አንዷ ግማሽ ናት። የሰጡትን መልሶ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው አንተ?»

ሳጥኑን ተቀብሎ ሁሉንም መዳፉ ላይ ዘረገፈውና ወደ አፉ ወሰደው። እትዬ አገርነሽ ጮኸው እጁን ያዙት። ኪኒኑ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ።

«ልቀቂኝ! ያልዋጥኩትን ነው የምውጠው!»

ሀሴት ጩኸቱን ሰምታ ግድግዳ ይዛ ወጣች። አባቷ መሬት ላይ ተንበርክኮ ኪኒን ይለቅማል። እዚያው ተንበርክኮ ሁሉንም ነገራት፤ ዐሥራ አራቱን፣ ደብተሩን፣ ሳምንቱን።

«ለነርሷ ነበር የምትውጠው?» አለችው።

«ለነርሷ።»

ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነበር፤ በመሐሉ ሌላ ነገር ሆነ። እትዬ አገርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ምክር ሲሰጡ አልሰማሁም።

ሀሴት ጎንበስ ብላ ከሲሚንቶው ላይ አንዷን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገቻት።

«ይቺን ብቻ ዋጥ አባዬ።»

«አሁን ምን ያደርግልሻል?»

«እኔንጃ። ብቻ ዋጥ። አንተም ማሽን ላይ ብትወጣ ማን ነው ይዞኝ ዳገቱን የሚወጣው?»

ሌላ ሰጪ እስካሁን አልተገኘም። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት በራቸው ላይ አያቸዋለሁ፤ ኪኒኑን ይውጥና አፉን ከፍቶ ምላሱን ያሳያታል። እሷ ታያለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ክንዱን ትይዛለች። ትንፋሿ በየሳምንቱ እያጠረ ነው። ድሮ ሦስት ቦታ ላይ ታርፍ ነበር፤ አሁን አምስት ደርሷል።

እሷ ስትተኛ ጋሽ ጸሐዬ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የእጁን አንጓ እንደ ጎማ ቀስ ብሎ ያጥፍና ጆሮውን ያስጠጋል። ምን እንደሚሰማ አልጠየቅኩትም። እኔ፣ የሰው ወሬ ሳልጠይቅ የማላድረው!