ጉጉቱን ያየሁት አራት ሰዓት ላይ ነው

ወፍ ማየት የጀመርኩት ወፍ ስለምወድ አይደለም። ቁጭ ማለት ስለማልችል ነው። የተማሪ ቫን ነበር የምነዳው። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረስኩ በኋላ የከሰዓቱ ዙር እስኪደርስ ረጅም ባዶ ጊዜ አለኝ። ቤት ደርሼ ልምጣ ካልኩ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ሹፌሮቹ ሁላችንም አንድ ቦታ ፓርክ አድርገን እንጠብቃለን። ሌሎቹ ይተኛሉ፣ ስልክ ያወራሉ። እኔ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጥኩ ጉልበቴ ብቻውን መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

አንድ የሚያዝያ ቀን ሰሜን ሚኒያፖሊስ ወንዙ ዳር ቆሜ ማዶ ያለችውን ደሴት ሳይ፣ ቅጠል ያላወጡት ዛፎች ሁሉ ጥቁር ፌስታል የተንጠለጠለባቸው መሰለኝ። ነፋስ ያመጣው ቆሻሻ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከዚያ አንዱ ፌስታል ክንፉን ዘርግቶ፣ እግሩን ወደኋላ አንጠልጥሎ በአናቴ ላይ አለፈ። ሽመላ ነው። ፌስታል ያልኩት ሁሉ የሽመላ ጎጆ ነበር። በሳምንቱ ከአንድ ጋራዥ ሴል፣ ሰው የማይፈልገውን ዕቃ ደጁ ላይ ከሚሸጥበት፣ አሮጌ ባይኖኩላር ገዛሁ። በቃ፣ ያኔ አለቀልኝ።

አሁን ማንም ሰው ሚኒያፖሊስና መንትያ ከተማዋ አካባቢ የት ሄጄ ወፍ ልይ ቢለኝ ሳላመነታ ነው የምመልሰው። ሽመላ ከሆነ ያቺ ደሴት፣ ቅጠል ሳይሸፍናት። ዳክዬ ከሆነ ሮቢንስዴል ሐይቁ ዳር። የሐይቁ በረዶ ጠርዝ ጠርዙን መቅለጥ ሲጀምር፣ ወደ ሰሜን የሚጓዘው ዳክዬ ሁሉ እዚያች ጠባብ ውሃ ላይ ይጋፋል። ጭላት ከሆነ ደግሞ ከፍሮግታውን ሰፈር መውጣት አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ካሉት ሥጋ ቤቶች ጀርባ፣ የቆሻሻ ገንዳው ጋ ቁሙ። ቁራዎቹ ሲንጫጩ ቀና በሉ። ጭራው ቀይ የሆነ ጭላት ምሰሶ ላይ ተቀምጦ ስድቡን ይጠጣል። ወፍ የሚያዩት ፈረንጆች ጫካ ይሄዳሉ። ይሂዱ። እኔ ከፓርኪንግ ያየሁትን ብዙዎቹ አላዩም።

ሁልጊዜ አጠገቤ የሚያቆሙት ሹፌር የጅማ ሰው ናቸው። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው።

«ያንን ነገር ወደ ሰው መስኮት እንዳታዞሪው» ይሉኛል። «ሂጃብ ላይ ኮፍያ የደረበች ሴት አፓርታማ ትሰልላለች ተብሎ ፖሊስ ይመጣልሻል። እኔ ደግሞ አላውቃትም ነው የምለው።»

«ይካዱኝ ጋሼ። የቫኑን ቁልፍ ብቻ ይያዙልኝ።»

«ዛሬስ ምን አገኘሽ?»

«ግንደ ቆርቁር።»

«እሱን ለማየት ነው ይሄ ሁሉ? እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ስሰማው ነው የዋልኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ማን ሆነና!»

ያየሁትን በትንሽ ደብተር፣ በአማርኛ፣ በእርሳስ እጽፋለሁ። እስክሪብቶ የሚኒሶታን ብርድ አይችልም። ከዚያ ከደብተሩ እየገለበጥኩ የካውንቲያችን፣ የወረዳችን እንበል፣ የወፍ መዝገብ ላይ አስገባለሁ። መዝገቡ ዌብሳይት ነው፤ ሰው የት፣ መቼ፣ ምን ወፍ እንዳየ ይጽፍበታል። ተራ ወፍ ዝም ብሎ ይገባል። ብርቅ ወፍ ግን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መርምረው ካላጸደቁት አይቆጠርም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስገባ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም።

በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ ነው፣ አንድ ዓርብ። ሮዝቪል የገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ውስጥ ቁራዎች ሲጮሁ ሰማሁና ቀና አልኩ። የመብራት ምሰሶ አናት ላይ ነጭ ጉጉት ተቀምጧል። ይሄ ወፍ ከአርክቲክ እኛ ጋ የሚወርደው አንዳንድ ዊንተር ብቻ ነው፤ በዚያ ዊንተር በካውንቲያችን ገና ማንም አላየውም ነበር። ፊቱ ጥጥ ነው። ደረቱ ላይ ጥቁር ጥቁር ሰረዝ አለ። እግሩ የሱፍ ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ፎቶ ላነሳ ስልኬን ባወጣ ባትሪው በብርዱ ጥፍት አለ። ደብተሬን አወጣሁና «ጠዋት አራት ሰዓት፣ ሮዝቪል፣ ነጭ ጉጉት» ብዬ ጻፍኩ። ጓንቴን ሳላወልቅ ስለጻፍኩት የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ ነው የሚመስለው። በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ መዝገቡ ላይ አስገባሁት።

ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ጉጉት አይተሽ ነው እንዲህ የምትፈነጥዢው?»

«ነጭ ነው እኮ ጋሼ!»

«ነጭም ቢሆን ጉጉት ነው። ወደ ቫኔ እንዳታስጠጊው።»

እውነቱን ልናገር፤ የፈለግኩት ስሜ ከአናት እንዲጻፍ ነው። የዚያ ዊንተር የመጀመሪያው ነጭ ጉጉት፣ ያየችው እኔ። ሃይስኩል ጨርሼ በቀጥታ ሥራ ነው የገባሁት። ስሜ የትም ቦታ አንደኛ ሆኖ ተጽፎ አያውቅም።

እሑድ ከመምህሩ መልእክት መጣልኝ። ጨዋ መልእክት ነበር፤ ጨዋነቱ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ሁለት ሰዎች የጻፍኩትን አምነው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሮዝቪል ሄደዋል። በዚያ ብርድ ረጅም ጊዜ ቆመው ያገኙት የጥበቃ ሠራተኛ ብቻ ነው፣ «እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» የሚል። «ለመሆኑ በዚያ ጨለማ የደረቱን ሰረዝ እንዴት ለየሽው?» ይላሉ መምህሩ። በዚህ አላበቁም። የድሮ መዝገቤንም አይተውታል። ሽመላ በጨለማ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ጭላት በጨለማ ሲያንዣብብ። አጥጋቢ ማብራሪያ ካላመጣሁ ጉጉቱን ብቻ ሳይሆን የሁለት ዓመቱን ሁሉ ሊሰርዙት ነው።

የምን ጨለማ? ፀሐይ በረዶው ላይ አርፋ ዓይኔን ልታጠፋኝ ነበር! «የእኔ ዓይን ደህና ነው፤ የእርስዎን ያስመርምሩ» ብዬ ጻፍኩ። ልልከው ስል ተውኩትና አጠፋሁት።

ሰኞ ፓርክ እንዳደረግን ለጋሼ አነበብኩላቸው። ስልኬን ከእጄ ቀምተው ዝርዝሩን በጣታቸው እየገፉ አዩት። ከዚያ ሳቁ። መሪውን እየደበደቡ ሳቁ።

«ልጄ፣ ይኼ እኮ የኛ ሰዓት ነው!»

«የቱ?»

«ሁሉም! ጠዋት አራት ሰዓት አይደል ያልሽው? ለፈረንጅ ጠዋት አራት ማለት እኮ ገና ሱብሂ ያልተሰገደበት ነው። አሥር ማለት ነበረብሽ። እነዚያን ምስኪኖች በሌሊት ቀስቅሰሽ በረዶ ላይ ገተርሻቸው!»

ፊቴ እሳት ሆነ። የገረመኝ፣ በሥራ አንድም ቀን ሰዓት ተሳስቼ አላውቅም። የመጀመሪያዋን ልጅ የማነሳው በፈረንጅ 6:40 ነው፤ 6:40 ከበሯ ላይ ነኝ። በሥራ ሰዓት ፈረንጅ ነኝ። ወፎቹ ግን የራሴ ናቸው። በአማርኛ ነው የማያቸው፣ በአማርኛ ነው የምጽፋቸው፤ ቀኑም የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ከደብተሩ ስገለብጥ ስድስት ሰዓት መደመር አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«አትናደጂ» አሉ ጋሼ እንባቸውን እየጠረጉ። «እኔ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን በዚሁ ነው ያቃጠልኩት። ስምንት ሰዓት ና አሉኝ። ምሳዬን በልቼ፣ ጥርሴን ፍቄ፣ ስምንት ሰዓት ሄድኩ። ልጅቷ ጠዋት ስንጠብቅህ ነበር ስትለኝ ሰደብኳት።»

ለመምህሩ «በአካል ላስረዳዎት» ብዬ ጻፍኩላቸው። ሮቢንስዴል ሐይቁ ዳር ቀጠሩኝ። «በእርስዎ ሰዓት ዘጠኝ ተኩል?» ብዬ አረጋገጥኩ። አንገታቸው የረዘመ፣ ቀጭን፣ እሳቸውም ሽመላ የሚመስሉ ሽማግሌ ናቸው። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው፤ እዚህ ስጽፈው ግን አንተ ልላቸው እጄ እምቢ ይለኛል።

ደብተሬን ከፍቼ ቁጥሮቹን አሳየኋቸው። «ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ነው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀላል ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ከኛ አቆጣጠር ሳይሻል አይቀርም።»

«እኔም የምለው እሱን ነው።»

«እሺ፣ ሰዓቱ ገብቶኛል። ጉጉቱ ግን ገና ነው።»

ከዚያ ያጣድፉኝ ጀመር። ጆሮው ላይ የቆመ ላባ ነበረው? አልነበረውም። ዓይኑስ? ቢጫ፣ ግማሹን ጨፍኖታል። ቁራዎቹ ሲጠጉት ምን አደረገ? ምንም፣ ናቃቸው። ወዴት ዞሮ ነበር? ለፀሐይዋ ጀርባውን ሰጥቷል። ወንድ ነው ሴት?

እዚህ ላይ ቆምኩ። ነጩ ካመዘነ ወንድ፣ ሰረዙ ካመዘነ ሴት ነው የሚል አንብቤያለሁ። የኔው መሀል ላይ ነበር። አንዱን ብዬ መገላገል እችል ነበር። ሽማግሌው እርሳሳቸውን ደብተራቸው ላይ አሳርፈው ይጠብቁኛል።

«አላውቅም» አልኩ። «ባውቅ እነግርዎት ነበር።»

ጻፉ። ረጅም ጊዜ ነው የጻፉት። «ያላየሽውን አልጨመርሽም» አሉ በመጨረሻ። «ጉጉቱ ይገባል። የድሮውን ግን አንድ በአንድ አንቺው ታስተካክዪዋለሽ። ሁለቱን ሰዎችም አንቺው ታናግሪያቸዋለሽ።»

አናገርኳቸው። መዝገቡ ላይ ከጉጉቱ ሥር፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፌን፣ ጉጉቱ የነበረው በእነሱ አሥር ሰዓት እንደሆነ ጻፍኩ። አልተለማመጥኩም፤ አልደበቅኩምም። አንደኛው «አውራ ጣቴ እስካሁን አልሞቀም። ከእንግዲህ ሰዓቱን ተዪውና ፀሐይዋ የት ጋ እንደነበረች ጻፊልን» ሲል መለሰልኝ። ሌላኛው እስካሁን አላናገረኝም። መብቱ ነው።

ማስተካከሉ ሳምንታት ፈጀ። የቫኑን ማሞቂያ ከፍተን፣ ጋሼ ደብተሩን ያነባሉ፣ እኔ ስልኬ ላይ ስድስት እየደመርኩ አርማለሁ።

«ሦስት ተኩል፣ ሽመላ።»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«አራት ሰዓት ከሩብ፣ ጭላት። ይሄ ያ የሥጋ ቤቱ ሌባ ነው?»

«እሱ ነው። አሥር ከሩብ።»

አንድ ቀን እንዲህ እያልን ስንሄድ ጋሼ ቆም አሉ። «ዘጠኝ ሰዓት፣ ሮዝቪል፣ ሃያ የሚሆኑ ፔሊካኖች።»

ወፎቹን አልረሳኋቸውም። በእረፍት ቀኔ ነው፤ ነጫጭ፣ ክንፋቸው ጫፉ ላይ የጠቆረ፣ አንዴም ሳያራግቡ እዚያ ካለው ሐይቅ በላይ ሲዞሩ አፌን ከፍቼ ነበር የማያቸው። ከዝርዝሬ ውስጥ ከጉጉቱ ቀጥሎ የምኮራባቸው እነሱ ናቸው። ችግሩ የጻፍኩት ገጹ ኅዳግ ላይ ነው፤ ከእናቴ የክሊኒክ ቀጠሮ ጎን፣ እሱ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ዘጠኙ የኛ ነው ወይስ የነሱ? ጠዋት ነበር ወይስ ከሰዓት? ዓይኔን ጨፍኜ አሰብኩ። ፔሊካኖቹ መጡልኝ፤ ፀሐይዋ የት ጋ እንደነበረች አልመጣልኝም።

«ስድስት ደምሪና እለፊ» አሉ ጋሼ። «ማን ያይሻል?»

«አላስታውሰውም።»

«ወፎቹን አይተሻቸዋል አይደል?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«እና?»

«እና መቼ እንዳየኋቸው አላውቅም።»

ሰረዝኩት። አውራ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ተጫነው። ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ጣታቸውን በምራቅ ነካ አድርገው ገጹን ገለጡ።

«ሦስት ከሃያ፣ ዳክዬ፣ ሮቢንስዴል» አሉ።

«ዘጠኝ ከሃያ» አልኩ።