ከኋላ የሚጎተተው መኪና

የአጎቴ ልጅ ታከለ እስራኤል አገር፣ ኔቬ ኦዝ የተባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ለሽርሽር ከተከራየው ባለ መኝታ መኪና ኋላ ሚኒቫኑን እየቀጠለ ነበር። የፊት ጎማዎቹን ባለ ሁለት ጎማው መጎተቻ ጋሪ ላይ አውጥቶ ሲያስር፣ የሰንሰለቱ ድምፅ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ጎንደር ቁልቁለት መለሰኝ።

የአጎቴ መኪና ተበላሽቶ በጭነት መኪና ይጎተት ነበር። ወንዶች ልጆቹን ከፊት ጭነት መኪናው ላይ አሳፍሮ፣ ወላጅ የሌለኝን እኔን በሚጎተተው ውስጥ ድንጋይ አስታቅፎ አስቀመጠኝ።

«ገመዱ ከተበጠሰ ዘለሽ ድንጋዩን ጎማው ሥር ወሽቂው» አለኝ።

ሹፌሩ «ከወንዶቹ አንዱ አይሻልም?» አለው።

«ወንዶቹን እናታቸው ትጠይቀኛለች፤ ይቺን ማን ይጠይቀኛል?»

ያኔ አልገባኝም። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ዓይኔን ከገመዱ አልነቀልኩም። አጎቴ ሲሞት ደግ ሰው ነበር ተባለ።

ዞር ስል የታከለን የልጅ ልጅ ሚኒቫኑ ውስጥ እንቅልፍ ወስዷታል።

«በሰደር ነው፣ ምንም አትሆንም፤ አትቀስቅሻት» አለኝ ታከለ።

በሩን ከፈትኩ።

«አውርዳት። እሷን እኔ እጠይቅሃለሁ።»