ሴኔት የጻፈቻቸው ዘጠኝ ቃለ ጉባኤዎች

ትምህርት ክፍላችን ውስጥ ሦስት ዶክተሮች፣ ስድስት መምህራን፣ አንድ ኃላፊና አንድ ሥራ የሚሠራ ሰው አለ። ሥራ የምትሠራው ጸሐፊያችን ናት። ስም አላት፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት ወዲህ በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኛ “ሴኔት” እንላታለን። የዩኒቨርሲቲው እውነተኛ ሴኔት የወሰነውን ማንም አንብቦት አያውቅም፤ እሷ አይሆንም ያለችው ግን አይሆንም። የትኛው ኮርስ ከየትኛው በፊት እንደሚወሰድ፣ የትኛው ሥርዓተ ትምህርት መቼ እንደተሻረ፣ የፈተና ወረቀት ሳያርም የውሃ ሽታ የሆነው መምህር የት እንደገባ፣ ሁሉም እሷ ጋ አለ። ማህደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

እኔ እዚያው ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ የሚለውን ቃል ለጊዜው እንዳለ ተቀበሉኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሴኔት የሰው ዲግሪ ስትተይብ ኖራ ኖራ፣ በአርባ ስምንት ዓመቷ የራሷን ልትይዝ ተነሳች። በእኛው ትምህርት ክፍል፣ በቅዳሜና እሁዱ ፕሮግራም ተመዘገበች። ልጇ ቀድማት ተመርቃ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች፤ ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የልጅቷ የምርቃት ፎቶ ተሰቅሏል። ሴኔት የተመዘገበች ዕለት ባሏ መዶሻ አንስቶ ከፎቶው ጎን አንድ ሚስማር መታ። “ይሄ ያንቺ ነው” አላት። አምስት ዓመት ሙሉ ሚስማሩ ባዶውን እንዳይቀር የሰውየው ቁልፍ ሲንጠለጠልበት ከረመ። በመጨረሻ ኮርሶቿን ሁሉ ጨረሰች፣ ጋወን ተለካች፣ ለምርቃቱ ሁለት ወር ቀረ።

ይኼኔ የጥራት ገምጋሚዎች ሊመጡብን ነው ተባለ።

የጥራት ግምገማ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ክፍል ገብቶ ማን ምን እንደሚያስተምር የሚያይ የለም፤ የሚታየው ሰማያዊ ፎልደር ነው። ፎልደሩ ውስጥ የኮርሱ ዝርዝር፣ የክፍል መከታተያና የፈተና ወረቀት ካለ ጥራት አለ፤ ከሌለ የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ጉባኤ በየአራት ወሩ ተሰብስቦ ስለ ጥራት መምከሩን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። የሦስት ዓመቱ ዘጠኝ ይሆናል። እኛ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሰበሰብነው አንዴ ሲሆን፣ እሱንም የፎቶ ኮፒ ማሽኑ የማን ቢሮ ይቀመጥ በሚለው ተጣልተን ተበትነናል።

ሐሙስ ከሰዓት ኃላፊው ሴኔትን አስጠራት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

“እትዬ፣ ሰኞ ይመጣሉ። ዘጠኙን ቃለ ጉባኤ አዘጋጂልን።”

“የየትኛውን ስብሰባ?”

“መደረግ የነበረበትን።”

“ባላዘጋጅስ?”

“የሚገመግሙት የቅዳሜና እሁዱን ፕሮግራም ነው። ቃለ ጉባኤ ከሌለ ዘንድሮ የሚመረቅ የለም። አንቺንም ጨምሮ።”

ሴኔት ለመውጣት ዞረች። እኔ ደግሞ ዓይኔን በጨው አጥቤ በሩ ጋ ተከተልኳት።

“እግረ መንገድሽን የእኔንም የክፍል መከታተያ ሙይልኝ። አርባ ስምንት ሰዓት ነው።”

“ስንት ሰዓት አስተማርክ?”

“አንቺም እኮ ክፍሉ ውስጥ ነበርሽ።”

“እኔ ነበርኩ። ያጣሁት አንተን ነው።”

እውነቷን ነው። ሦስት ቅዳሜ ገብቼ፣ አማካይ እንዴት እንደሚሰላ አሳይቼ፣ ቀሪውን አንብቡት ብዬ ጠፋሁ። ሲያልቅ ግን ለሁሉም ኤ ሰጠሁ። ኤ ያገኘ ተማሪ አቤቱታ አይጽፍም፤ ይህን ከአንጋፋዎቹ ተምሬያለሁ።

ሴኔት አርብን ሙሉ ተየበች። ዘዴዋ ቀላል ነበር። ከቁም ሳጥኑ አንድ የቆየ፣ በእውነት የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አወጣች፤ ዘጠኝ ጊዜ ገልብጣ ቀኑንና የኃላፊውን ስም እየቀየረች አተመች። ዘጠኛችንም ሳናነብ ፈረምን። ሳያነቡ መፈረም ደግሞ የምንኮራበት ሙያችን ነው።

ሰኞ የገምጋሚዎቹ መሪ፣ ቀጭን ሴትዮ፣ ቃለ ጉባኤዎቹን አንድ በአንድ አነበቡ። በሙያዬ የቃለ ጉባኤ ሁለተኛ ገጽ ሲገለጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

“እውነቱን ልናገር” አሉ። “እዚህ ትምህርት ክፍል ውስጥ ጥራት የሚያስጨንቀው አንድ ሰው ብቻ ነው ያገኘሁት። በዘጠኙም ስብሰባ ‘ትምህርቱ በተመደበለት ሰዓት አልተሰጠም፤ ያልተማረ ተማሪ ማርክ አይሰጠው’ ብለው ተቃውሞ ያስመዘገቡት መምህር። ማነጋገር የምፈልገው እሳቸውን ነው።” ስሙ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። ስሙ የጋሼ ሰዓት ነበር። ጋሼ ሰዓት ያልናቸው ስብሰባ በተቀመጥን ቁጥር ስንት ሰዓት አስተማርክ፣ ስንት ሰዓት አስተማርሽ እያሉ ስለሚያፋጥጡን ነው። ግሩም መምህር ነበሩ። የሞቱት ከዘጠኙ ስብሰባዎች ከመጀመሪያው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ነው።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። “ለመስክ ሥራ ወጥተዋል።”

“መቼ ይመለሳሉ?”

“ይቆያሉ።”

“በስልክ አይገኙም?”

“ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ናቸው” አለ። እዚህ ላይ እንኳ አልዋሸም።

ማህደር ታቀብል የነበረችው ሴኔት የያዘችውን ፎልደር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ሞተዋል” አለች። “ስብሰባዎቹም አልተደረጉም። ዘጠኙንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

“ታዲያ የሞተ ሰው ስም ለምን ጻፉ?” አሉ ሴትዮዋ።

“ረስቼው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ስብሰባ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የምጽፈው የእሳቸውን ስም ነበር። ቀን ለመቀየር አስቤአለሁ፤ እሳቸውን ማውጣት ግን ትዝም አላለኝ።” ከዚያ ቀጠለች። “እኔም የፕሮግራሙ ተማሪ ነኝ። ስታትስቲክስ ኤ አለኝ። ባለፈው ልጄ ለሥራዋ አንድ ሠንጠረዥ አምጥታ ‘እማ፣ አንቺ ኤ አይደል ያገኘሽው፣ እስቲ አስረጂኝ’ አለችኝ። ምኑም አልገባኝም። ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።”

ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለችም። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ፕሮግራሙ አይዘጋም፤ ነገር ግን በሰዓታቸው ያልተሰጡ ሦስት ኮርሶች እንደገና በሙሉ ይሰጣሉ፤ ምርቃቱ በአንድ ዓመት ይራዘማል። ኃላፊው ከኃላፊነቱ ተነሳና ተራ መምህር ሆነ፤ ይህ ማለት ሥራው ቀነሰ ማለት ነው። አብረዋት የተማሩት አርባ ሰዎች ግን ሴኔትን ሰላም ማለት ተዉ። አንዷ ደረጃው ላይ አስቁማ “አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ደመወዝ አለሽ” አለቻት። ሴኔት ጋወኑን መለሰች። ባሏ ማታ ሲገባ ቁልፉን እንደ ድሮው ሚስማሩ ላይ አንጠለጠለ። “ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት” ብላኛለች።

ከሦስቱ ኮርሶች የመጀመሪያው የእኔ ነበር። አሥራ ስድስት ቅዳሜ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሰዓት። ሴኔት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የገባሁበትንና የወጣሁበትን ደቂቃ በደብተሯ ትመዘግባለች። ስድስተኛው ቅዳሜ ላይ የማስተምረው ለራሴም በደንብ እንዳልገባኝ ደረስኩበት፤ አርብ አርብ ማጥናት ጀመርኩ። እሷ እጇን አውጥታ ጠየቀች፣ ተሳሳተች፣ ሰርዛ እንደገና ሠራች።

ፈተናውን ሳርም ሲ አገኘች። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ሲ ነው። ቢሮዬ ጠራኋት።

“እትዬ፣ ለቢ የጎደለሽ ትንሽ ነው። ላስተካክለው?”

ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አየችው።

“የመጀመሪያውን ኤ ለባሌም ለልጄም አላሳየሁም” አለች። “ይሄንን ዛሬ አሳያቸዋለሁ። አትንካብኝ።”

በዓመቱ ተመረቀች። ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ የፋብሪካውን ሠንጠረዥ ዘርግታ እናቷ በእርሳስ እየጠቆመች ስታስረዳት ደረስኩ፤ አንድ ቦታ ተሳስታ ነበር፤ ዝም አልኩ፤ ትንሽ ቆይታ ራሷ አገኘችው። ሚስማሩ ላይ ጋወን የለበሰችው ሴኔት ኮስተር ብላ ታየናለች። ባሏ ከሥራ ገባና ቁልፉን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ።

“ይሄን የት ላድርገው?” አላት።

ከሠንጠረዡ ቀና አላለችም።

“ሌላ ሚስማር ምታ” አለችው።