ከወባው በኋላ የጨረስነው ጌም

ሕመሙ የጀመረኝ ክፍል ውስጥ ነው። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ተማሪዎቼ በጋምቤላ ቀትር ላብ በላብ ሆነዋል፤ እኔ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። ክልሉ አዲስ የተቋቋመበት ሰሞን ስለነበር መምህራን ጥቂት ነበርን፤ ፈቃድ መጠየቅ አፍሬ ሦስት ቀን አስተማርኩ። በአራተኛው ወደቅኩ።

ፋልሲፓረም የሚባለው ከባዱ ወባ ነበር። አንጎሌ ድረስ ገብቷል። ሆስፒታል አስተኝተው ኩዊኒን የሚባለውን የወባ መድኃኒት በግሉኮስ ሰጡኝ። ሁለት ቀን ራሴን አላውቅም ነበር። ስነቃ ጆሮዬ ይጮኻል። የእናቴ ስም ጠፋኝ።

ትኩሳቱ ለቆኝ ቤቴ ብገባም ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ሐኪሙ፣ "ይመለሳል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ጣትሽንና ሐሳብሽን አብሮ የሚያሠራ ነገር ፈልጊ" አለኝ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ነበራቸው። ባለቤታቸው ከአዲስ አበባ ያመጡላቸውን የቴሌቪዥን ጌም፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጄኔሬተር አስነስተው ይጫወታሉ። "ነይ እስቲ፣ ሁለተኛው ጆይስቲክ ሥራ ፈቷል" አሉና በጣት የሚጫኑትን መጫወቻ ሰጡኝ። በጌሙ ሁለት እህትማማቾች ጎርፍ የበታተናቸውን ጎረቤቶቻቸውን ከደሴት ደሴት እየዘለሉ ያድናሉ። አንዷን ጠባብ ወንዝ ለመሻገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። እትዬ ዘይነባ ማዶ ተሻግረው ይጠብቁኛል፤ አንድም ቀን አላጣደፉኝም። ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት ሸሚዜን ራሴ ቆልፌ እንደወጣሁ ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ እትዬ ዘይነባ ሰጉ። "የበፊቱ የጌም ካሴት ያን ሁሉ አድክሞኝ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጽፎ ሸኘኝ" አሉ። ይኼኛው ግን እህትማማቾቹን በጀልባ አሳፍሮ በመጡበት መንገድ መለሳቸው። በየደሴቱ ያዳንናቸው ሰዎች ዳር ወጥተው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ጀልባዋ እዚያች ጠባብ ወንዝ ጋ ስትደርስ አለቀስኩ። እትዬ ዘይነባ ጄኔሬተሩን ሳያጠፉ አብረውኝ ተቀመጡ። ያለፍንበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያስታወሰ መጨረሻ በመሆኑ ሁለታችንም ረካን።

በማግስቱ እኔም ያለፍኩበትን ለማወቅ ሆስፒታል ሄጄ ያስታመመችኝን ነርስ አጁሉን ፈልጌ አገኘኋት። መልኳን እንኳ አላውቀውም ነበር። ራሴን ያላወቅኩባቸውን ሁለት ቀናት ቁጭ ብላ ነገረችኝ። "እጄን ይዘሽ አልለቅም አልሽ። ምሳዬን በግራዬ በላሁ" አለችና ሳቀች። ያን እጅ ስሜ አመሰገንኳት።

ብርድ ብርድ ካላችሁ እንደ እኔ ሦስት ቀን አትጠብቁ። ጣታችሁ ቢዘገይ አትፈሩ፤ ማዶ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ፈልጉ። ስትድኑ ደግሞ ሐኪሙ ቀጠሮ ባይሰጣችሁም ያስታመሟችሁን ተመልሳችሁ ጠይቁ። እኔ ሙሉ በሙሉ የዳንኩት አጁሉ የጠፉብኝን ሁለት ቀናት ነግራኝ የጨረሰች ለት ይመስለኛል።