እጄን ያለማመዱኝ እናት

ነርስ ላደረጉኝ ብዙ አስተማሪዎች ምስጋና አለብኝ፤ ከሁሉም የማስቀድማቸው ግን አንዲት የይፋግ ሸክላ ሠሪ ናቸው።

ጎንደር የነርስ ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ወረታ ተላክሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የፈንጣጣ ክትባት ነበር። እኚህ እናት ከኋላቸው የተሸሸገች ትንሽ ልጃቸውን ይዘው መጡና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። መርፌው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«አሳመምሁዎት እናቴ?» አልኋቸው።

«ኧረ ምንም! አይዞሽ፣ እኔም መጀመሪያ ገንቦ ስሠራ እንዲሁ ነበርሁ።»

ሁለተኛው ሙከራ ተሳካልኝ። እፎይ ብዬ ስማቸውን ልመዘግብ ስል ሳቅ አሉ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በሌላው ክንዳቸው ላይ ገና ያልሻረ የክትባት ቁስል አሳዩኝ።

«አትመዝግቢኝ፤ ባለፈው ሳምንት ገንቦ ልሸጥ አንበሳሜ ሄጄ ተከትቤያለሁ። እጅሽ እስኪረጋ ብዬ ነው። በይ፣ አሁን ልጄን ክተቢልኝ።»